ደመወዙን በብር አታባዙት

አንድ ጓደኛዬ ዱባይ በወር 8,000 ድርሃም የሚከፈልበት ሥራ አገኘ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ በብር መታውና የሥራ መልቀቂያ ሊያስገባ ተነሳ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቤት ኪራዩን እናስላ» አልኩት።

ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ሁሌም 3.67 ድርሃም ገደማ ነው። ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ይመነዘራል። ስለዚህ ብር በተዳከመ ቁጥር የዱባይ ደመወዝ ከዚህ ሆነው ሲያዩት ያደገ ይመስላል። እዚያ ግን ሰባራ ሳንቲም አልተጨመረበትም።

ዱባይ ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆረጥም፣ እውነት ነው። ጉዱ ያለው ኪራዩ ላይ ነው። ኪራይ በዓመት ይታሰብና ብዙ ጊዜ በጥቂት ቼኮች ይከፈላል። ቤቱ በዓመት 60,000 ድርሃም ቢሆንና በ4 ቼክ ቢከፈል፣ የመጀመሪያው 15,000 ነው። ለደላላ 5 በመቶ፣ 3,000። ለአከራዩ ማስያዣ 5 በመቶ፣ 3,000። ለመብራትና ውሃ ማስያዣ 2,000። ድምሩ 23,000፤ የጓደኛዬ የሦስት ወር ደመወዝ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያውም አንድ ቀን ሳይሠራ!

ብዙዎች አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ብቻ የሚከራዩት፣ «ቤድ ስፔስ» የሚሉት፣ ለዚህ ነው።

አትሂዱ አላልኩም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ቀጣሪውን ጠይቁ፦ መኖሪያ አለው? ከሌለ ለኪራይ ቅድሚያ ይሰጣል? ትራንስፖርቱስ በማን ነው? ጓደኛዬ ጥያቄውን ልኳል። መልቀቂያው መልሱ እስኪመጣ ኪሱ ውስጥ ነው።