ያሳደገን ስደት ነውን? ለተለመደው ታሪካችን የቀረበ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እድገት በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይቀድማል፤ «ያሳደገን ስደት ነው» የሚለው። በስብከት ይነገራል፣ በምስክርነት ይነገራል፣ በመመረቂያ ጽሑፍም ማስረጃ ሳይጠየቅበት ይጻፋል። ደርግ አዳራሹን ሲዘጋ ምእመኑ ወደ ጓዳ ገባ፣ በጓዳ በዛ፣ በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት እልፍ ሆኖ ወጣ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስደቱ አልነበረም ማለቴ አይደለም። የታሰሩት ታስረዋል፣ የተገረፉት ተገርፈዋል፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። የምቃወመው ይህ ሁሉ መከራ የእድገቱ ምክንያት ተደርጎ መቅረቡን ነው።

በመጀመሪያ ግን ተቃራኒው ወገን የሚያቀርበውን ጠንካራ ማስረጃ በሐቅ ላስቀምጥ። አንደኛው ወላይታ ነው። የሱዳን ውስጠኛው ሚስዮን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. አገሩን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ 10,000 የሚገመት ምእመን ጠበቃቸው። ሁለተኛው መሠረተ ክርስቶስ ነው። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋ፣ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር የአባላቷ ቁጥር 5,000 ገደማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ከኅቡዕ ስትወጣ 34,000 ገደማ ደርሳ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ሰው ስደቱን ቢያመሰግን አይፈረድበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር የሌላው ምክንያት ነው ለማለት ከኋላው መምጣቱ ብቻ አይበቃም። ስደት በራሱ የሚያበዛ ቢሆን ኖሮ የገዛ ታሪካችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት የደረሰባቸውን ስደት እናውቃለን፤ ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ መልሰው ስላስነበቡን ዛሬ ማንም የአማርኛ አንባቢ ሊያየው ይችላል። የጽናታቸውን ያህል የጸና የለም ለማለት ይቻላል። ሆኖም አልበዙም። በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ተወስነው ቆይተው በኋላ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ወደ ካቶሊክ እምነት የገባው ሕዝብም ዐፄ ፋሲለደስ በፈረንጆች 1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልሱና በኋላም ኢየሱሳውያኑን ከአገር ሲያስወጡ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ከስሟል። የሰማዕታትን ደም ከዘር ጋር ያመሳሰለው ጠርጡልያኖስ የኖረባት የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዛሬ ፍርስራሿ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ አንዱ ማኅበር በስደት ከስሞ ሌላው የሚበዛው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። መልሱም ስደቱ ከመምጣቱ በፊት በማኅበሩ ውስጥ የነበረውንና በስደቱ ጊዜ በዙሪያው የነበረውን በማየት ይገኛል።

በፊት የነበረውን ለማየት ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ የሆነውን መከተል ይበቃል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢውን ወደ ስድስት ኪሎ ሲያወጣ ሳይንሱ አራት ኪሎ ቀረ። መሐል ላይ፣ አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን አለች። በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ወጣቶች፣ የቆየ የወንጌላውያን ማኅበርና የአገሪቱ ትኩስ ክርክር ሁሉ ተገናኙ ማለት ነው። ከሐረር የመጡት የጸሎት ኅብረት ልምድ ይዘው መጡ። ከናዝሬት የመጡት ከሜኖናውያን ተማሪዎች መካከል የተነሳውን «ሰማየ ብርሃን» የተባለ የወጣቶች ንቅናቄ እሳት ይዘው መጡ። ሌሎቹ የስዊድን ጴንጤቆስጤ ሚስዮን ሐዋሳ ላይ በሚያዘጋጀው የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ውስጥ አልፈዋል። በእጃቸው የነበረውም ለዘመኑ ወጣት በሚገባ አማርኛ የተዘጋጀው የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ፣ በእነዚያው ዓመታት፣ «መሬት ለአራሹ» የሚል ሰልፍ ይወጣ ነበር። የተማሪውን ንቅናቄ የሚያጠኑ ሰዎች የጸሎት ኅብረቱን አያዩትም፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጽፉትም ሰልፉን አያነሱትም። ሁለቱ ግን የአንድ ትውልድ ልጆች ናቸው። ኮሚቴ መምረጥ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ አጀንዳ ማስያዝ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ በየግቢው ተጠሪ መመደብ ለሁለቱም የዘወትር ሥራ ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው በዚህ ልምድ ላይ ነው። ከፊንላንድና ከስዊድን ሚስዮናውያን የተማሩ ቢሆኑም ወጣቶቹ ከበላያቸው የሚስዮን አለቃ እንዲቀመጥ አልፈለጉም። በ1959 ዓ.ም. ራሳቸውን አደራጅተው ለመንግሥት የምዝገባ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ሲከለከልም በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሰፈረውን የእምነት ነጻነት ጠቅሰው ተከራከሩ። ሃያዎቹን ያላጋመሰ ሽማግሌ የነበራት ቤተ ክርስቲያን ነበረች!

ነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት መካከል 250 ያህል ሰዎች ተይዘው ሲታሰሩ፣ እስረኞቹ እርስ በርስ መምራትን የለመዱ ሰዎች ነበሩ። የታሰረውን የሚተካ፣ ለቤተሰቡ ስንቅ የሚያደርስ፣ ጸሎቱን የሚያስቀጥል ሰው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። «ይህም እኮ ስደት ያስተማራቸው ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ችሎታው የተገኘው በትምህርት ቤትና በነጻ ውይይት ነው። ስደቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ችሎታው መኖሩን ማጋለጥ ነው። ለመካነ ኢየሱስም ይኸው እውነት ነው። ጣሊያን የስዊድን ሚስዮናውያንን ሲያባርር የአዲስ አበባው ማኅበር በቄስ ባድማ ያለው መሪነት በእግሩ መቆሙ በኩራት ይነገራል፤ መነገርም አለበት። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ስዊድናዊው ሚስዮናዊ ሴደርክቪስት በ1897 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ፊደል ሲቆጠርና መጽሐፍ ሲነበብ ቆይቷል። የወላይታው ማኅበርም ሚስዮናውያኑ ሲሄዱ በየገበያውና በየመንደሩ እየዞሩ የሚያስተምሩ የአገር ልጆች ነበሩት።

ወደ ደርግ ዘመን ስንመጣ ደግሞ በዙሪያ የነበረው ነገር ይጎላል። የእድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አሰማራ። ከዘማቾቹ መካከል አማኝ ተማሪዎች ነበሩ፤ በሚስዮን ገንዘብ ሊደርሱ ወደማይችሉበት ቀበሌ በመንግሥት መኪና ደረሱ። ዘመቻው ስደት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሙሉ ወንጌልና የሌሎች አዳራሾች ሲታሸጉ፣ በአዲስ አበባ ክፍት የቆዩት የመካነ ኢየሱስ ማኅበራት ቤት አልባውን ወጣት ተቀበሉ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በሥርዓተ አምልኮ መጽሐፍ የሚመሩ፣ መዝሙራቸው የረጋ፣ አለቆቻቸው በዕድሜ የገፉ ማኅበራት ናቸው፤ የሚመጣው ወጣት ግን እጁን ዘርግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ በልሳን ይጸልያል። መካነ ኢየሱስ ጉዳዩን በማባረር ሳይሆን በጥናት ለመፍታት መረጠች፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥራ መክራ መመሪያ አወጣች። ወጣቱ መጠለያ አገኘ፣ አሮጌው ማኅበርም ተለወጠ። ዛሬ በመካነ ኢየሱስ አምልኮ ውስጥ የሚታየው መልክ የዚያ አብሮ መኖር ውጤት ነው። እንዲህ ያለው መጠለያ ባይኖር ስንቱ ወጣት ተበትኖ ይቀር ነበር? የእድገቱን ታሪክ ለአሳዳጁ የሰጠን ሰዎች ለአስጠጊው ያስቀረንለት አንዳች ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የጓዳው ነገር ነው። የአራዳንና የፒያሳን አሮጌ ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው ቤቶቹን ያስታውሳል። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ አንዱን ግድግዳ ሁለት ቤት ይጋራዋል፤ ግቢው አንድ፣ የውኃው ቧንቧ አንድ፣ መጸዳጃው አንድ ነው። ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። በእንዲህ ያለ ቤት አምስት ወይም ሰባት ሰው አንድ በአንድ ይገባል፤ ጫማው ከደጃፍ ተነስቶ አልጋ ሥር ይገፋል፤ ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ቡናው ይቆላል። አንዳንዴ ዳቦ ተጋግሮ የልጅ ልደት ይመስላል። መዝሙሩ በከንፈር ነው፤ ጸሎቱ በሹክሹክታ ነው። የቀበሌ ሰው ድንገት ቢገባ የሚያገኘው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን ነው። ይህን ሁሉ የምታሰናዳው የቤቱ እመቤት ነበረች። ማን መቼ እንደሚገባ የምትወስነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን እህል ውስጥ የምትሸሽገው፣ አዲስ የመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን አይታ ይታመን አይታመን የምትለየው እርሷ ነበረች። አዳራሹ ክፍት በነበረበት ጊዜ ከሽማግሌዎች ወንበር አጠገብ ያልደረሰች ሴት አሁን የማኅበሩ በር ጠባቂ፣ አስተማሪና መሪ ሆነች። መሠረተ ክርስቶስ በ9 ዓመት ከ5,000 ወደ 34,000 የደረሰችው በእንደዚህ ያሉ ቤቶች ነው። በ1983 ዓ.ም. አዳራሹ ሲከፈት ወንበሩ ወደ ወንዶቹ ተመለሰ። ታሪኩ ሲጻፍም እድገቱ ለስደቱ ተሰጠ፤ እመቤቲቱ ስሟ የለም።

ደግሞስ ያ የሚጋራው ግድግዳ ማዶ ያለው ጎረቤት አልሰማም? ሰምቷል። አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው፤ «ጴንጤ» መሆናቸውን ያውቃል፤ ደስ ላይለውም ይችላል። ነገር ግን አብሮ ዕድር የገባ፣ ልጅ ያሳደገ፣ ሬሳ የሸኘ ሰው ነው። አልጠቆመም። የጠቆመ ጎረቤት ባለበት ቤት ኅብረቱ በሳምንት ይበተን ነበር። የኅቡዕ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ በጎረቤት ዝምታ ላይ የቆመ ነበር ማለት ማጋነን አይመስለኝም። ስለዚህ የበዙት ስደቱ በበረታበት ቦታ ሳይሆን የሰፈሩ ኑሮ ስደቱን ባላላበት ቦታ ነው ብዬ እከራከራለሁ። መዝሙሩም እንደዚሁ ነው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለሰባት ዓመት ታስሯል። ድምፁ ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ከቤት ወደ ቤት ይሄድ ነበር። ቴፕ ያላት ጎረቤት ስታውስ፣ የሚቀዳው ልጅ ሲቀዳ፣ በወጣቶች እጅ የተደረሰ የአማርኛ መዝሙር ሰባኪ ሊገባ በማይችልበት ገባ።

አሁን ወደ ቁጥር ልመለስ። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ ከ5 እስከ 6 ከመቶ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. 10.2 ከመቶ ሆኑ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 18.6 ከመቶ። በአዲስ አበባ በእነዚህ ሁለት የመጨረሻ ቆጠራዎች መካከል ከ3.9 ወደ 7.8 ከመቶ ደረሱ። በ1976 ዓ.ም. እምነቱን የደበቀ ሰው መኖሩ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ከእውነታው ሳያንስ አይቀርም፤ የደርግ ዘመን እድገትም የዚያን ያህል ይቀንሳል። የ1987ቱ ቆጠራ የተካሄደው በሩ ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ወጥቶ ተቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው 8 ከመቶ በላይ ሕዝብ የመጣው በነጻነት ነው፤ በአደባባይ ስብከት፣ በቆርቆሮ አዳራሽ፣ በከተማ መስፋፋት፣ በመዝሙር ገበያ። ትልቁ እድገት የመጣው ስደቱ ከቆመ በኋላ ነው።

ስደቱ የወሰደውን ደግሞ እየቆጠርን አይደለም። የተማሩት መሪዎች ከፊሉ ተገደሉ፣ ከፊሉ ወህኒ ወረዱ፣ ብዙዎቹ ከአገር ወጥተው በዚያው ቀሩ። ቃለ ጉባኤ ማስረጃ ስለሚሆን ተቃጠለ፤ ወጣቶቹ በስድስት ኪሎ የተማሩት ጽፎ የማስቀመጥና ሒሳብ የማሳየት ልማድ አብሮ ተቃጠለ። በኅቡዕ ዘመን መሪ አይጠየቅም ነበር፤ ብዙ መጠየቅ የሰላይ ምልክት ነበርና። ለደኅንነት ሲባል የተያዘው ይህ ልማድ አዳራሹ ከተከፈተ በኋላም ቀጠለ። ዛሬ የገንዘብ ሒሳብ የሚጠይቅ ምእመን እንደ ዓመፀኛ ሲታይ፣ ነቢይ ነኝ ባይ ሁሉ ያለ ከልካይ መድረክ ሲይዝ፣ ሽማግሌዎች በተጣሉ ቁጥር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት የስደቱን ጠባሳ አያለሁ። «ያሳደገን ስደት ነው» የሚለው አባባል ይህን ጠባሳ ይሸፍነዋል። የባሰው ደግሞ የመማርን፣ የማደራጀትንና መሪ የማፍራትን ሥራ አላስፈላጊ ያስመስለዋል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደዋል። ያን ጊዜ በራቸውን የከፈቱ ሴቶች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። የነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን ተማሪዎቻቸውን የመጨረሻ ዓመት ጽሑፍ ሲያስጽፉ ወደ እነዚህ ሴቶች ይላኳቸው። መጠየቅ ያለበት ስንት ጊዜ ታሰርሽ የሚለው ብቻ አይደለም። ቤቱ የማን ነበር? ቡናው በማን ወጪ ይፈላ ነበር? ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ማን ነበር፣ ምን አለ? ከመጡት መካከል መምጣት ያቆመው ማን ነው፣ ለምን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ፈርተው የቀሩት፣ ቤተሰብ ያስገደዳቸው፣ በወህኒ ቤት ተሰብረው ወጥተው ወደ ኅብረት ያልተመለሱት ሰዎች በእድገቱ ታሪክ ውስጥ አንድም ቦታ የላቸውም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በዚህችው ከተማ ይኖራሉ፤ ሄዶ የሚጠይቃቸው ቢኖር ይናገራሉ።