ውሻ ሲያረጅና ውሻ ሲታመም

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ላይ ውሻ የማይጠብቀው ግቢ ማግኘት ያዳግታል። በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ ሩዙ ታጭዶ በየማሳው በተከመረ ጊዜ፤ ከብቱም ከግጦሽ ተመልሶ በበረት ባደረ ጊዜ፤ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድረው ውሻ ነው። በከተማው ውስጥም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ቀንም ሌሊትም እንግዳ ስለሚያመላልስ፤ ባለሱቁም ሆነ ባለቤቱ እንቅልፍ የሚወስደው ውሻውን ተማምኖ ነው። አገልግሎቱ ይህን ያህል ሲሆን ስለ ጤንነቱ የሚጠይቅለት ሰው ግን ጥቂት ነው። በሬ ሣር ያቆመ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይመክርበታል፤ ውሻ ምግብ ያቆመ እንደ ሆነ «ውጭ በልቶ መጥቶ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ ጉዳይ ያለን አሳብ አጭር ነው። እርጅና በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ አስጊው በሽታ ግን የውሻውን ጠባይ በሁለትና በሦስት ቀን ይለውጠዋል። ይህን ለውጥ ከሐኪም አስቀድሞ ሊያይ የሚችለው ውሻውን በደኅናው ቀን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ሐኪሙ ውሻውን የሚያየው አንድ ቀን ነውና ትናንት እንዴት እንደ ነበረ ሊያውቅ አይችልም።

ስለ እርጅና እንጀምር። ትልቅ አካል ያለው ውሻ ከትንሹ ቀድሞ ያረጃል። መካከለኛ አካል ያለው የአገራችን ውሻ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሞላው የሽምግልናን መንገድ ጀምሯል ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያ የአፉና የአገጩ ጠጉር ይሸብታል። በዓይኑ ብሌን ውስጥ እንደ ጢስ ያለ ሰማያዊ ድባብ ይታያል፤ ይህም ሁልጊዜ ዕውርነት ነው ማለት አይደለም። ጧት ከተኛበት ሲነሣ የኋላ እግሮቹ ይከብዱታል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ሰውነቱ ይፍታታል። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት መኝታው እርጥብ የሆነበት ሽማግሌ ውሻ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያነክሳል፤ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መደብና ጥቂት የሩዝ ገለባ ቢደረግለት ብዙ ይረዳዋል።

ጆሮውም እየደነቆረ ይሄዳል፤ ሲጠሩት አይመጣም፤ ባለቤቱም «ልቡ ሸፈተ» ይላል። ያረጀ ውሻ ተኝቶ ሳለ ሕፃን ቢረግጠው ደንግጦ ሊናከስ ይችላል። ልጆች የተኛን ውሻ ከሩቅ ሳይጠሩ እንዳይነኩት ማስተማር ከወላጅም ከመምህርም ይጠበቃል። ሆኖም ነካሹ የቤት ሽማግሌ ነው ተብሎ ቁስሉ ችላ መባል የለበትም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን።

ከእርጅና ጋር ተመሳስለው የሚመጡ፤ ነገር ግን እርጅና ያልሆኑ ሕመሞችም አሉ። ውሻው ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ውሃ የሚጠጣና ብዙ የሚሸና ከሆነ፣ እየበላ የሚከሳ ከሆነ፣ ሳሉ የማይለቀው ከሆነ፣ በሰውነቱ ላይ ያበጠ ነገር እያደገ የሚሄድ ከሆነ የኩላሊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም ሌላ ደዌ ሊኖርበት ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። አርጅቷል የሚለው ቃል በአገራችን ለውሻም ሆነ ለሰው ብዙ ሕመም የሚሸፈንበት ጋቢ ሆኗል።

ምንም ምልክት ሳያሳይ ሰውን የሚጎዳ የውሻ ሕመም ደግሞ አለ። ከታረደ ከብት ወይም በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ እየቆረጡ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ከዚያ እባጭ ውስጥ ያለው በውሻው አንጀት ገብቶ ትንንሽ ኮሶ ይሆናል፤ ውሻው ግን ወፍሮና ደስ ብሎት ይታያል። ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር በእጅና በምግብ አድርጎ ወደ ሰው አፍ የገባ እንደ ሆነ ያው እባጭ በሰው ጉበት ውስጥ ይበቅላል። እንዲህ ያለውን ጉበት ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር እንጂ ለውሻ መስጠት አይገባም። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ነገር ስለ ሆነ በዚሁ እንለፈው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለዚህ ሜዳ እንግዳ ደዌ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ መዘገቡት፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ፎገራም በዚያን ዘመን ከበጌምድር አገር ነበረ። በአዲስ አበባ ደግሞ በነሐሴ ወር 1895 ዓ.ም. ወረርሽኙ ተነሥቷል። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ በዓለም ላይ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ያመለክታል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ ከመቶው 99ኙ የውሻ ንክሻ ነው። ካበደ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከአንጎልም ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል። ስለ ሆነም የውሻው ምራቅ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ መርዘኛ ይሆናል። ያረጀው የቤት ውሻ ቢናከስ ቁስሉን ችላ አትበሉ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡ ያበደ ውሻ የሚለው ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ቀብሮ፤ አረፋ እየደፈቀ፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጠውን ነው። እንዲህ ያለውን ማንም ያውቀዋል፤ ማንም ይሸሸዋል። የሚያጠፋን ከዚያ በፊት ያለው ጸጥ ያለው ጊዜ ነው። በነዚያ ሁለትና ሦስት ቀናት ተጫዋች የነበረው ውሻ ከሰው ርቆ ጨለማ ጥግ ይፈልጋል፤ ዓይነ አፋር የነበረው ደግሞ ያለ ልማዱ ሰውን ይጠጋል፤ እጅና ፊት ይልሳል። ቀድሞ የተነከሰበትን የዳነ ጠባሳ እንደሚያሳክከው ሁሉ ያኝካል። እንጀራ ትቶ አፈር፣ እንጨት፣ ጨርቅ ይበላል። ድምፁ ይጎረንናል፤ ጩኸቱ ጀምሮ የሚቋረጥ፤ እንደ ማልቀስ የሚረዝም ይሆናል። የቤቱ ልጅ «የውሻችን ድምፅ ተለወጠ» ብሎ ቢናገር ታላላቆቹ ሊስቁበት አይገባም።

ከማበድ ይልቅ የሚደነዝዝም ውሻ አለ። አይሮጥም፤ አይናከስም፤ አገጩ ወርዶ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ምራቁ ይዝረከረካል። ባለቤቱም አጥንት ተሰንቅሮበታል ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። ከብትም እንዲሁ ነው፤ ባበደ ውሻ የተነከሰች የፎገራ ላም ስታጓራና ምራቅ ስታዝረከርክ ያነቃት ነገር አለ ተብሎ በባዶ እጅ አፏን ከፍቶ መፈለግ አደገኛ ነው። የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ድረስ እጅን መሰብሰብ፤ ወተቷንም መተው ነው።

እኛ ከሰማናቸው የስሕተት አሳቦች ሁሉ የከፋው «ውሃ ከጠጣ አላበደም» የሚለው ነው። ውሃ መፍራት በሽታው በያዘው ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው እንጂ ያበደ ውሻ ውሃ አይፈራም። ጉሮሮው ሰንፎ መዋጥ ቢያቅተውም አፉን ከውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ወንዝም ይሻገራል። ውሃ በሞላበት በፎገራ ማሳ መካከል ሲንቦጫረቅ የታየ ውሻ ጤነኛ ነው ብሎ መፍረድ ሕይወት ያስከፍላል።

ዲስተምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም ቡችሎችን ይይዛል፤ ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ያስላል፤ ኋላም ያንቀጠቅጣል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ሁለቱን በዓይን ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ያስቸግራልና ባለቤቱ እንደ ከፋው አድርጎ ቢጠነቀቅ አይጸጸትም።

ሰው የነከሰ ውሻ በተቻለ መጠን ሳይገደል በጽኑ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት 10 ቀን ይጠበቅ። ምራቁ በነከሰበት ዕለት መርዘኛ ከነበረ በነዚህ ቀናት ውስጥ ሕመሙ ይገለጥና ይሞታል፤ 10ሩን ቀን በደኅና ከጨረሰ ግን በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻውን በዚያው ሰዓት በድንጋይ ቀጥቅጦ መጣል ይህን ምስክር ያጠፋል። በቁጣ የሚደረግ ነውና መከልከሉ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። የሞተ እንደ ሆነ የሚመረመረው አንጎሉ ስለ ሆነ፤ በባዶ እጅ ሳይነኩት ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉ ያለ መዘግየት በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ክትባቱ ወዲያው ተጀምሮ ውሻው ደኅና መሆኑ ሲረጋገጥ ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። በፈረንሳይ አገር ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ መከተብ የጀመረው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጁላይ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ነበር፤ ልጁም ዳነ። በእኛም አገር ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው በአዲስ አበባው የምርምር ተቋም ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት ለረጅም ዘመን ይዘጋጅ ነበር፤ እሱም ለሁለት ሳምንት ያህል በየዕለቱ በሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋ ስለ ነበር ብዙ ሰው ሥቃዩን ፈርቶ ይሸሽ ነበር። አዲሱ ክትባት ግን በክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ጠበል መጠመቅ የሚሻ ምእመን አይከለከልም፤ ሳሙናውና ክትባቱ ግን ይቅደሙ። የሥር መድኃኒት እየጠጡ መጠበቅ ግን ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚጓዝበትን ጊዜ ለበሽታው መስጠት ስለ ሆነ አጥብቀን እንቃወመዋለን።

በልዩ ልዩ ከተሞች ውሻ ሲበዛ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየመንገዱ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነበር። እኛ በዚህ አንስማማም። የሞቱትን ተክተው ያልተከተቡ ሌሎች ስለሚመጡ በሽታው በቦታው ይቀራል። በሌሎች አገሮች እንደ ታየው ግን ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል። ለውሻው የሚወጣው ዋጋ ለተነከሰ ሰው ክትባት ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህን ሒሳብ የከተማው ባለሱቆች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

መምህራን ሆይ፤ ውሻን ከማንም በላይ የሚያውቁት ከእርሱ ጋር የሚውሉት፤ ከብት የሚጠብቁትና ምግቡን የሚሰጡት ልጆች ናቸው። ሲነከሱ ደግሞ ቁጣን ፈርተው የሚደብቁትም እነርሱ ናቸው። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ መታሰቢያ ቀን ፓስተር በሞተበት ዕለት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ይውላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ቀን፤ የመስቀል በዓል ማግሥት ነው። ትምህርት ቤት በተከፈተበት በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ውሻ ዕድሜ፣ የአፉን ሽበት፣ የድምፁን ዓይነት፣ የሚወደውን ምግብና የሚተኛበትን ቦታ፣ ተከትቦም እንደ ሆነ በደብተሩ ላይ ቢጽፍ፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፤ ሩዙ በሚታጨድበት ጊዜ፤ ያንኑ ገጽ ገልጦ ከውሻው ጋር ሊያመሳክር ይችላል።