«በረሃው ነው» ምርመራ አይደለም

ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረተ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸናፊ የሆነ መኪና ነው። ለድሬዳዋ ሰው ግን ይህ ሁሉ ዝና ብዙም ትርጉም የለውም፤ ለእርሱ ፔጆ 404 ማለት ከለገሃር መጋላ፣ ከከዚራ ሳቢያን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሰው ታክሲ ነው። ባጃጅ ቦታውን ከወሰደ ወዲህ ቁጥሩ ቢመናመንም፣ በእጅ ያሉትን መኪኖች ዕድሜ ማራዘም ዛሬም ቁም ነገር ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል።

የእነዚህ መኪኖች የተለመደ ሕመም ማንገራገር ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ወዲያው አይታዘዝም፤ ለአንዲት ቅጽበት ትንፋሹ የተቆረጠ ይመስላል፣ አንዳንዴም ያስላል፣ ከዚያ በድንገት ይወረወራል። በደንገጎ አቀበት የጭነት መኪና ለመቅደም የወጣ ሰው ያቺ ቅጽበት ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ያውቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ «ሞተሩ አርጅቷል» ወይም «በረሃው ነው»። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መልሶች አይደሉም፤ ጥያቄውን መዝጊያዎች ናቸው።

እስቲ በረሃውን በቁም ነገር እንመርምረው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ በባሕር ወለል በ15 ዲግሪ ግን 1.225 ኪሎ ግራም ነበር። ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር፣ በ20 ዲግሪ፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ግራም በጥቂቱ ያንሳል። እንግዲህ የድሬዳዋ ቀትር አየር ለሞተሩ ከሐረር ነፋሻ አየር የሚሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው! ካርቡራተር አየሩ በሳሳ መጠን ቤንዚኑን እኩል አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኴር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በድሬዳዋ ቀትር ድብልቁን ከአሥር በመቶ በላይ ያወፍረዋል።

ታዲያ ይህ ምን ያስከትላል? ጥቁር ጭስ፣ የነዳጅ ብክነትና የጉልበት ማነስ። እነዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቁ ናቸው እንጂ መርገጫው ሲረገጥ ብቅ ብለው በቅጽበት የሚጠፉ አይደሉም። በረሃው በሌላ መንገድም ሊከሰስ ይችላል፦ ቤንዚኑ በጋለ ቱቦ ውስጥ ተንኖ ፓምፑ እንፋሎት ይስባል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን መኪናው በሙቀት ቆሞ ሲነሣ መበርታት፣ በማለዳው ቅዝቃዜ ደግሞ መጥፋት አለበት። ማለዳም ቢሆን የሚያንገራግር ከሆነ በረሃው ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቤንዚኑና አየሩ በፍጥነት አለመመጣጠናቸው ነው። መርገጫው በድንገት ሲረገጥ አየሩ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን ከባድ ስለሆነ ይዘገያል፣ ከፊሉም በማስገቢያ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ለቅጽበት አየሩ ሲበዛ እሳቱ ይደክማል። ይህን ጉድለት ለመሙላት በካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አለ። የፓምፑ ዲያፍራም ከተቀደደ ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ ማንገራገር ይመጣል።

ሦስተኛው ብልጭታው ነው። ፍሬድሪክ ፓሸን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1889 እንዳሳየው፣ በሁለት ብረቶች መካከል ብልጭታ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ርዝመት ብዜት ይወሰናል። ነዳጅ ሲሰጥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ የደከመ ቦቢና ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ መኪናው ቆሞ ሲንደቀደቅ ጤነኛ መስሎ፣ ጭነት ሲመጣ ይጋለጣል።

ሁለቱን ለመለየት ሳንቲም አያስፈልግም። በመጀመሪያ መርገጫውን ቀስ አድርጎ መርገጥ ነው፤ ችግሩ የትንሿ ፓምፕ ከሆነ ማንገራገሩ ይጠፋል፣ የብልጭታው ከሆነ ግን አቀበት ላይ ጭነቱ እስካለ ድረስ መቆራረጡ ይቀጥላል። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሲጋራና እሳት አርቆ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የካርቡራተሩን ዘንግ በእጅ መግፋት ነው፤ ወዲያው ቀጥ ያለ የቤንዚን ፍንጥቅታ ካልታየ ጥፋተኛው ተገኘ።

ይህን የሚያደርጉ መካኒኮች በከተማችን አሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሸን የሚባል ሰው መኖሩን ሳይሰሙ የእርሱን ሕግ በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ካንዴላው ይቀየራል፣ አልሆነም፤ ቦቢናው ይቀየራል፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ «ካርቡራተር ግዛ» ይባላል። ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን ተቀይሮ መኪናው ቢሻለው እንኳ የትኛው እንዳዳነው የሚያውቅ የለም። የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ከዕለት ገቢው ላይ ሹፌሩ ነው።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም፤ እኛስ በዩኒቨርሲቲ ምን እያስተማርን ነው? ተማሪው በቤተ ሙከራ ፔንዱለም ሲያወዛውዝ 9.8 እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል፤ ባያገኝ ቁጥሩን «ያስተካክላል»። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር መሣሪያ ሲበላሽ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን እንቀይር?» ሳይሆን «ምክንያቱ ይህ ቢሆን ሌላ ምን ባየን ነበር?» የሚል ነበር። ይህንን ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ የፔጆ 404 ሞተር በብረት እግር ላይ ተሰቅሎ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቢገባ፣ የቤተ ሙከራው ባለሙያ በድብቅ አንድ እንከን ቢያኖርበት፣ ተማሪውም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት እያንዳንዱ ፈተና ምን ሊያሳየው እንደሚችል በወረቀት ጽፎ እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ እኔ ያንን ወረቀት ከማንኛውም የፔንዱለም ሪፖርት አስበልጬ አርመዋለሁ።