ለምንጣፉ ሳይሆን ለባትሪው
ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችን ለቤዝመንቱ የማያደርገው የለም፤ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ሻወር ያስገባል፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቅላል፣ አልፎም ያከራየዋል። ጥግ ላይ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋውን ሳምፕ ፓምፕ ግን ክዳኑን ከፍቶ የሚያየው ጥቂት ነው። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ማዕበሉ በበረታበት ሌሊት ነው። መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ፓምፕ ሌባ ሲመጣ እንቅልፍ እንደሚጥለው ዘበኛ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ መድፋት፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ከፍ ሲል ሞተሩ መነሳቱን፣ ውሃው ሲጎድል መቆሙን ማየት። ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራው ሞተሩ ሳይሆን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልነሳ ያለው ተንሳፋፊ ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ፓምፑ ሲበላሽ ሞልቶ የፈሰሰውን ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ሽፋን ለብቻው ይገዛል። (ውሉን ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ቢያንስ ይህቺን አንቀጽ ይፈልጋት።) አከራዮች ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ኒው ዮርክን ሲያጥለቀልቅ በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ በቤዝመንት ቤቶች ውስጥ ነበሩ። ያንን ጎርፍ የትኛውም ፓምፕ አይመልሰውም ነበር፤ ቢሆንም ከቤዝመንት ኪራይ የሚቀበል ሰው ከምንጣፉ በፊት ባትሪውንና ውሃ ሲገባ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ይግዛ። ተከራዩም ውሃው ሶኬት ከደረሰ ዕቃ ላውጣ ብሎ እንዳይገባበት ከወዲሁ ይነገረው።