የዛሪማ ተማሪና የማሽላው ማሳ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተፈጥሮንና የኅብረተሰብን ዕውቀት አጣምሮ ለታችኞቹ ክፍሎች «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት አስገኝቷል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርትም ይህንኑ አልተወም። ዳሩ ግን መጽሐፉ ለክልሉ ሁሉ አንድ ሲሆን አካባቢው በየወረዳው ይለያያል። ስለዚህ ቀሪው ሥራ የየትምህርት ቤቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዛሪማን እንውሰድ። ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ያለ ቆላ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ማሽላው በማሳው ቆሞ ይገኛል። መምህራኑ ቢመካከሩ ይህን አንድ ሰብል እስከ አጨዳ ድረስ መማሪያ ሊያደርጉት ይችላሉ። ተማሪዎቹ አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ለክተው አገዳውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያም የማሳውን ምርት ይገምታሉ፤ ይህ ሒሳብ ነው። የዘሩን ዓይነት ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጽፋሉ፤ ይህ አማርኛ ነው። ደባርቅ ላይ ገብስ ለምን እንደሚዘራ ሲመረምሩም፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ይረዳሉ። ወፍ ሲጠብቅ ከክፍል የሚቀረው ልጅም ያን ጊዜ ለጓደኞቹ የሚያስረዳው ነገር ይኖረዋል።

ነገሩ እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የባከነውን ዓመት ገጽ በገጽ በማነብነብ መመለስ አይቻልም፤ አንዱን ሥራ ለሦስት ትምህርት ማዋል ግን ጊዜ ያተርፋል። የሚያስፈልገውም ገመድ፣ ደብተርና መምህራኑ የሚመክሩበት ሰዓት ነው። ነገር ግን ፈተናው ሽምደዳን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ፈተና አውጪዎች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል እንላለን።