የቦርከናን ስብሰባ በግንቦት አድርጉት

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ስለ ቦርከና በተጠራ አንድ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ታድሏል፣ ንግግር ተደርጓል። ከአዳራሹ ወጥተን ወንዙ ዳር ችግኝ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተበተንን። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኔም ከልቤ ነው የተከልኩት። በጥቅምት ሄጄ ሳይ አንዱም የለም። ከፊሉን ጎርፍ፣ ከፊሉን ፍየል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወንዙ ትዝ የሚለን በሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ ቦርከና ጉልበት አለው፤ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ የከተማውን ጉድ ሁሉ ጠራርጎ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይሸኝልናል። ገመናችንን ሸፍኖልን እያለ ነው ስለ እሱ የምንሰበሰበው። በግንቦት ኑና እዩት እስቲ! ውሃው ይቀጥናል፤ የቀረው ከየቤቱና ከየጋራዡ የለቀቅነው ነው። ድልድዩን የምንሻገረው አፍንጫችንን ይዘን ነው።

ኮምቦልቻም የራሷን ትጨምርበታለች። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ገባሮች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚመጡት፤ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንዳሉባቸው ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። በዚህ ውሃ ነው እንግዲህ ከታች አትክልት የሚለማው። አትክልቱ የት ይሸጣል? ኮምቦልቻም፣ እዚሁ ደሴም። የጣልነውን መልሰን እየገዛን ነው ወገን! ከዚያ ወርዶ ጨፋ ይደርሳል፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር ሣርና ውሃ ፍለጋ የሚመጣበት ረግረግ።

በስብሰባው ግን የሐርቡ ገበሬ የለም፣ የጨፋ ከብት አርቢ የለም። የላይኛው ሰው ብቻውን ተቀምጦ ስለ ታችኛው ያወራል።

ወሎ እኮ የመሰብሰብ ችግር የለበትም። ቅሬ አለን። ከቅሬ የቀረ ይቀጣል፤ ከአዳራሹ ስብሰባ የቀረ ግን የሚቀርበት አበሉ ብቻ ነው (አበል ካለ)። አበጋሮቻችን የደም ባላጋራ ያስታርቃሉ፤ የላይና የታች ሰፈርን ስለ ውሃ ማነጋገር ያቅታቸዋል? አዳራሽ አያስፈልግም። ወንዙ ዳር፣ በግንቦት፣ ቡናው እዚያው ይፈላ። ሽታው ራሱ ከየትኛውም ንግግር በላይ ይናገራል።

ተከላውን አልጠላሁትም። ግን ዳርቻው በየክረምቱ እየተናደ ልቅ አፈር ላይ ችግኝ መሰካት ለጎርፍ መገበር ነው። መጀመሪያ ደሾን የመሰለ ሣርና ቀርከሃ ይያዘው፤ ከዚያ ሾላውና ዶቅማው ይከተል። ባሕር ዛፉን እባካችሁ ከወንዙ አርቁት። ዋናው ደግሞ ከብት እንዳይገባ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ለተከላ ቀን የምናወጣውን ያህል ለጥበቃ አውጥተን እናውቃለን?

ሪፖርቱስ ለምን በችግኝ ብዛት ይሆናል? ጣና ላይ ነጭ ዓሳ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚፈልገው ንጹሕ፣ ጠጠር ያለበት ወራጅ ውሃ ነው። ዓሳ በሪፖርት አይታለልም። ለቦርከናም እንደዚያ ይለካልን፦ በግንቦት ድልድዩ ሥር ዓሳ አለ ወይስ የለም?

ይህንን ለቅሬያችን ዳኛ ነግሬያቸው ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና "እስቲ መጀመሪያ ከታች አንድ ሰው አምጣልን፣ ከእሱ አፍ እንስማው" አሉኝ። ሐርቡ አካባቢ ቲማቲም የሚያለማ ወዳጅ አለኝ፤ ደውዬለት እመጣለሁ ብሏል። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ከእናንተስ ማን ይምጣ?