ቤት እያለ ሆቴል?

የፈተናው ሳምንት ሳያልቅ የብዙዎቻችን ወሬ የክረምት ጉዞ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛችን አዲስ አበባ የያዘችውን ሆቴል በስልኳ አሳየችኝ። መዋኛ ገንዳ አለው፣ ጂም አለው፣ ጣሪያው ላይ ምግብ ቤት አለው። ቦሌ ነው። «የአያትሽ ቤትስ የት ነው?» ስላት «አየር ጤና» አለችኝ። እኔም ባለፈው ታኅሣሥ ልክ እንደ እሷ ነበር የመረጥኩት፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

«ቤት እያለ ሆቴል?» የሚለውን ጥያቄ ወይ ሰምታችሁታል ወይ ትሰሙታላችሁ። የእኔ አቋም ይህ ነው። ኮቪድ ጨርሶ ባልለቀቀን በዚህ ጊዜ ሆቴል መያዝ ነውር አይደለም፤ አሮጊት አያት ላለው ሰው እንዲያውም ግዴታ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሆቴሉን ለራሳችን ምቾት ከመረጥነው ዘመድ አስቀይመን፣ ገንዘብ አውጥተን፣ ያሰብነውንም ጥንቃቄ ሳናገኝ እንቀራለን። ሆቴሉ መመረጥ ያለበት እዚያ ለምናገኛቸው ሰዎች ነው።

እኛ በልትስቪል፣ አጎቴ አሌክሳንድሪያ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ሦስት ቤት ሆነን ለ2012 ፋሲካ ትኬት ቆርጠን ነበር። መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋ። ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ውስጥ እንዲቆይ ታዘዘ፤ መጀመሪያ ላይ የተመደቡት ስካይላይትና ግዮን ሆቴሎች ነበሩ። ትኬቱን ሰረዝን። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት «ሆቴል» የሚለው ቃል ሰው ከዘመዱ ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ ማለት ሆኖ ቀረ።

በኅዳር 2014 ወሬው ተመልሶ መጣ። መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ አድርጎ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ዜጎቹን አትሂዱ፣ ያላችሁም ውጡ ይል ነበር። ጦርነት ነበር፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ የገባ ሰው ስለ ጥሪው ሳይከራከር አይወጣም ነበር። እናቴ በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበረችም። እናቷን ካየች 6 ዓመት ሆኗት ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም እኛ ቤት ተሰበሰብን። አባቴ ሆቴል የሚለውን ቃል ገና ሲሰማ ተቆጣ። «ቤት እያለ ሆቴል? ሰፈርተኛው ምን ይላል? ልጆቻቸው አሜሪካ ሄደው ተጸየፏቸው አይሉም?» አጎቴም በእሱ ወገን ነበር። ክርክሩን የዘጋችው እናቴ ናት። እማማ 80 ዓመት አልፏቸዋል፣ አስም አለባቸው፣ ከክትባቱም የወሰዱት አንዱን ብቻ ነው። «ስምንት ሰው 13 ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ታጭቆ መጥቶ እናቴ አልጋ ሥር ሊተኛ ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሆቴል እንዲሆን ተወሰነ፤ መምረጡም ለእኔ ተሰጠ።

ጥፋቱ የእኔ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒውተሬን ስከፍት ለምን ሆቴል እንደፈለግን ረሳሁት። ዋይፋዩን አየሁ፣ ቁርሱን አየሁ፣ ፎቶውን አየሁ። «ክፍሎቻችን በልዩ ኬሚካል ይጸዳሉ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ደግሞ የጥንቃቄውም ነገር አለቀ ብዬ ከፈልኩ። የእማማ ቤት ሽሮ ሜዳ እንደሆነ አላሰብኩበትም።

የያዝኩት ቦሌ የሚገኝ ባለመስታወት ሕንጻ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ መጥፎ ሆቴል ስለሆነም አይደለም። በር ላይ ሙቀታችንን ለኩ፣ እጃችን ላይ አልኮል ረጩ፣ ሻንጣችንን ሳይቀር ጠረጉ። ክፍሉ ስገባ መስኮቱን ልከፍት ብሞክር እጀታ የለውም። ጠዋት ለቁርስ ስንወርድ አዳራሹ ከሎንዶን፣ ከዱባይ፣ ከሚኒሶታ በመጣ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ከጓደኛው ጋር ይተቃቀፋል። በዚያው ሰሞን ኦሚክሮን በከተማው በፍጥነት እየተሰራጨ ነበር።

ከእኛ መካከል የጤና ትምህርት የምታጠኑ ይህን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የተበከለን ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታውቆ ነበር። ዋናው መተላለፊያ አየሩ ነው። በ2020 መጀመሪያ በቻይናዋ ጓንግዡ አየር በማይገባበት ምግብ ቤት ውስጥ በተለያየ ጠረጴዛ የተቀመጡ የሦስት ቤተሰብ 10 ሰዎች በበሽታው ተይዘዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ለይቶ ማቆያ በሆነ ሆቴል ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁ የጎረቤት ክፍል እንግዶች በኮሪደሩ አየር ተላልፎባቸዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ የሚረጨው ኬሚካል እኔን አረጋጋኝ እንጂ እማማን አልጠቀማቸውም።

ነገሩን ያወቁት ሳይንስ ያላነበቡ ሰዎችም ነበሩ። አዲስ አበባ በ2012 የአትክልት ተራን ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ያዛወረችው ሰው በሜዳ እንዲገበያይ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በጥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚወጣባት ከተማ የማይከፈት መስኮት ምን እንደሚሠራላት እስካሁን አልገባኝም።

ሌላው ችግር መንገዱ ነው። ከቦሌ ሽሮ ሜዳ ለመድረስ መስቀል አደባባይን፣ አራት ኪሎንና ስድስት ኪሎን ማለፍ አለ። በገና ዋዜማ ሰሞን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሣን። በሁለተኛው ቀን 4 ሰዓት ሆነ። በሦስተኛው ምሽት እማማ በሩ ላይ ቆመው «በዚህ ሌሊት ወዴት ነው የምትሄዱት? እኔ ቤት ጅብ አለ?» አሉ። እናቴ ተረታች። ስድስታችን እማማ ከሚተኙበት ክፍል ጋር በመጋረጃ ብቻ በሚለይ ሳሎን ውስጥ አደርን። ለብርዱ ተብሎ በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ እማማ ሲያስሉ እየሰማሁ በሦስት ክፍል ሒሳብ ቦሌ ላይ ባዶ የሚያድሩትን አልጋዎች አስብ ነበር።

በዚያ ሌሊት ያየሁት ሌላም ነገር አለ። እማማ ጋር የምትኖረው አክስቴ ለእኛ ብላ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ገዝታ ኖሯል። አንደኛውን ዘርግታ ፕላስቲኩን ስትቀድ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ሆቴል እንደያዝን የነገርናት ከመድረሳችን አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ያውም በቫይበር መልእክት ነበር። ፍራሹን ከገዛች ወር አልፏት ነበር። አባቴ «ነውር ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ነውሩ ግን ሆቴሉ ሳይሆን ያነጋገርንበት መንገድ ነበር። ለእማማና ለአክስቴ ምክንያታችንን ገና ከጅምሩ፣ ያውም እናቴ በራሷ ድምፅ ልትነግራቸው ይገባ ነበር። «ፈርተንላችሁ ነው» እና «ቤታችሁ አይመቸንም» ከሩቅ ሲሰሙ አንድ ናቸው።

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ስድስት ኪሎ አካባቢ በእግራችን ዞርን። ሦስት ቤት ጠየቅን። ጥያቄዎቻችን ሌላ ነበሩ፦ መስኮቱ ይከፈታል? ወደ ክፍሉ የሚገባው በደጅ ነው ወይስ በኮሪደር? ከመካከላችን አንዱ ቢያመው ምን ታደርጋላችሁ? አንደኛው ቤት ለመጨረሻው ጥያቄ «ትለቃላችሁ» አለን። ሁለተኛው እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ልጅ ሳቀ። ሦስተኛው ያረጀ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ይከፈታሉ፣ ሊፍት የለውም፣ ውሃው አንዳንዴ ይጠፋል። ባለቤቷ ግን «ክፍላችሁ ውስጥ ትቆያላችሁ፣ ምግባችሁን በር ላይ እናስቀምጣለን» አሉን። ሽሮ ሜዳ ከዚያ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። ማታ የፈለግንበት ሰዓት ስንነሣ እማማ «ደረሳችሁ?» ብለው ሳይደውሉ ደርሰናል። ገናን ግቢያቸው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን በላን። ዋጋው የቦሌው ሲሶ እንኳ አልነበረም፤ የቦሌው ግን ቀድሞ የተከፈለ ስለነበር አልተመለሰልንም። ሳትሰርዙ ገንዘብ የሚያስቀርባችሁን ርካሽ ዋጋ አትያዙ። ቢጫ ካርድ ያላችሁም በብር መክፈል ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ከኅዳር 27 ቀን 2014 ጀምሮ ወደ ግዛቷ የሚበር ሰው ከጉዞው በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ እንዲመረመር አዝዛ ነበር፤ ሕጉ የተነሣው በዚያው በ2014 መጨረሻ አካባቢ ነው። የእኛ በረራ ጥር 7 ነበር። ሰባታችን ነፃ ሆንን፣ እኔ ተገኘብኝ። ጉሮሮዬን ትንሽ ከከረከረኝ በቀር ምንም አልተሰማኝም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት እማማ ጎን ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ግቢ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ቤተሰቤ በረረ፤ እኔ እስክድንና የሐኪም ደብዳቤ እስካገኝ 10 ቀን እዚያው ክፍል ቀረሁ። ጥምቀትን ያሳለፍኩት ከጃን ሜዳ የሚመጣውን ከበሮና እልልታ ከበረንዳዬ ላይ እየሰማሁ ነው። የሴሚስተሩም የመጀመሪያ ሳምንት አመለጠኝ። እማማ አልታመሙም። በረንዳው አዳናቸው ብዬ አልምልም፤ አንድ ሌሊት አብረናቸው ተዘግተን አድረናል፣ ዕድልም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቦሌውን አዳራሽ፣ የሳሎኑን መጋረጃና የስድስት ኪሎውን በረንዳ አስቀምጣችሁ ምረጥ ብትሉኝ ጥያቄ የለውም።

እዚህ ላይ የእማማን ክርክር ሳልጽፍ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። አክስቴ በየቀኑ በምሳ ዕቃ ምግብ ታመጣልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እማማም ተከትለዋት መጡ። ታክሲው አውርዷቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አጣፍተው ቆሙ። ከበረንዳው ሆኜ «ደህና ነኝ፣ ይሂዱ» አልኳቸው። «ቤት ብትሆን ኖሮ እኔ አስታምምህ ነበር» ብለው ጮኹ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ልክ ናቸው፤ እኔ የፈራሁትም እሱን ነበር። ለዚህ መልስ የለኝም። የሰው ልጅ ሲታመም ብቻውን መተው የለበትም የሚለው የእሳቸው ሕግ ከእኔ መስኮት ይበልጥ የቆየ ነው።

እናንተ የምትሄዱት በክረምት ነው፤ እዚህ ላይ ከእኛ ጉዞ ይለያል። በሐምሌ ዝናብ ግቢ መቀመጥ አይሆንም፣ ቤትም በሩ ተዘግቶ ነው የሚዋለው። ስለዚህ ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ ወይም ደጅ ያለው ሆቴል ፈልጉና ዘመዶቻችሁን እዚያ ቡና ጋብዟቸው። አያቶች ሆቴል መጋበዝ አይወዱም ይባላል፤ እማማ ግን ባለቤቷ ያፈሏቸውን ቡና ሦስተኛው ድረስ ጠጥተው፣ በረንዳው ላይ ያለውን የጽጌረዳ ማሰሮ ለምን ውሃ አታጠጡትም ብለው ተቆጥተው ነው የሄዱት። አየር ጤና ለምትሄደው ጓደኛችንም ነግሬያታለሁ፤ ቦሌን ሰርዛ በዚያው አቅጣጫ እየፈለገች ነው። ጂሙን ግን አልተወችም።

አክስቴ ባለፈው እሑድ ቫይበር ላይ ደወለች። እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ለፋሲካ ልትሄድ ታስባለች። ሁለተኛው ፍራሽ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው፣ ፕላስቲኩም አልተቀደደም፤ ይህን ለእናቴ እንድነግራት ሁለት ጊዜ አደራ አለችኝ።